አሥራ አራቱ ሙሌቶች

አጉሊ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ሌላው ሰው አጉሊ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምላሱን ነክሶ የሚያየውን ነገር እሷ በባዶ ዓይኗ አይታ፣ ጽፋ፣ ሁለት ተክል ትቀድመው ነበር። ዛሬ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ግን እንደዚያው ነው። ባሏ ጎሚስታ ነው። "እኔ የተበሳውን ለማግኘት የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማደሪውን፣ ውኃ ውስጥ እነክራለሁ፤ እሷ ግን አንዴ ብትገላምጠው ጎማው ራሱ ይናዘዛል" እያለ ለደንበኞቹ ያወራል።

ሥራዋ ቲማቲም መቁጠር ነው። እንዲህ ብላ ስትናገር ሰው ይስቃል፤ ቲማቲም ገበያ ውስጥም ይቆጠራል ይላል። የእሷ ቆጠራ ግን ሌላ ነው፤ በተጋቡ ሰሞን ለባሏ ያስረዳችው እንደሚከተለው ነበር።

"ቲማቲም ውስጥ አሥራ ሁለት ጥንድ ክር አለ፣ ክሮሞዞም ይሉታል። የተክሉ ጠባይ ሁሉ፣ የግንዱ ጸጉር በለው፣ የፍሬው ቀለም በለው፣ በሽታ መቻሉ በለው፣ እዚያ ክር ላይ እንደ ጨሌ ተሰክቷል። አበባው ዱቄቱን ሲሠራ ጥንዶቹ ክሮች እየተበጠሱ ይለዋወጣሉ። ጎን ለጎን ያሉት ጨሌዎች አብረው ይሄዳሉ፤ የተራራቁት ይለያያሉ። እኛ ልጆቹን ዘርተን የተለያዩትን እንቆጥራለን። ከመቶ ስንቱ እንደተለያዩ ካወቅን ምን ያህል እንደተራራቁ አወቅን ማለት ነው። የክሩ ካርታ የሚሳለው በዚህ ነው።"

"ሜትሩስ የታለ?" አላት።

"ሜትሩ እኔ ነኛ!"

የምትቀልድ ትመስላለች እንጂ እውነቷን ነበር። ቆጣሪው አንድ ቀን ሰንፎ ሳያይ ከጻፈ ካርታው ይዋሻል፤ ካርታው ከዋሸ ዘር አዳቃዩ አምስት ዓመት በከንቱ ይለፋል። ስለዚህ በምትሠራበት የምርምር ጣቢያ ውስጥ አንድን ቆጣሪ ለመግደል ቢላዋ አያስፈልግም። "ሳታይ ጻፈች" ማለት ይበቃል።

ሥራውን ያስተማረቻት እቴቴ ናት። እቴቴ የሥጋ ዘመዷ አይደለችም፤ በስምንት ዓመት ስለምትበልጣት ብቻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እቴቴ አለቻት፣ ጣቢያውም ሁሉ ተከትሎ እንዲሁ ጠራት። አጉሊ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የችግኝ ማሰሮ ልታጥብ ስትቀጠር ወረንጦ ያስያዘቻት፣ ገና ያልፈነዳ እምቡጥ እንዴት ተከፍቶ የወንዴው ክፍል እንደሚነቀል፣ የሌላው አበባ ዱቄት እንዴት እንደሚነሰነስበት፣ ወረቀቱ እንዴት እንደሚታሰር ያሳየቻት እሷ ነች። አጉሊ ወልዳ ሁለት ወር ሆስፒታል ስትተኛ ጨቅላዋን ልጅ ወስዳ በጡጦ ያሳደገችውም እቴቴ ናት። ልጅቷ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነች፤ እቴቴን ስታይ እናቷን ትታ ነው የምትሮጠው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ መደብ ላይ ጎንበስ ብለው ሠሩ፣ ምሳቸውን አንድ ሣጥን ላይ ተቀምጠው በሉ። እቴቴ አላገባችም፣ አልወለደችም። "ባል የሚሉት ነገር ከሥራ ያስቀራል" ትልና የአጉሊን ባል በዓይኗ ትወጋዋለች፤ እሱም "እኔ ምን አልኩ?" ይላል።

ነገሩ የተበላሸው ዘንድሮ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ዶክተሩ ነው፤ ከመጣ አራት ዓመቱ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ የሚረሳ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ እሱን ረግሞ ማረፍ ይቻል ነበር። በዚያ አገር የቲማቲም ቅጠል ላይ ነጠብጣብ እያወጣ የሚያደርቅ በሽታ ገበሬውን አራቁቶታል። ዶክተሩ በሽታውን የሚችል የዱር ቲማቲም አገኘ፤ ይህ የዱር ቲማቲም ደግሞ ግንዱ ጸጉራም ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ጸጉሩና በሽታ መቻሉ ክሩ ላይ ጎረቤት ናቸው ወይስ አይደሉም? ጎረቤት ከሆኑ ተገላገልን ማለት ነው። አዳቃዩ ተክሉ እስኪታመም ሁለት ወር መጠበቅ የለበትም፤ የሦስት ሳምንት ችግኝ ጸጉር አለው ወይ ብሎ ማየት ብቻ ይበቃዋል።

የዱሩን ቲማቲም ግንደ ለስላሳ ከሆነችውና ቶሎ ከምትታመመው የገበሬው ዘር ጋር አዳቀሉት። የተወለደውን ክልስ መልሰው ከዚያችው ለስላሳ እናት ጋር አዳቀሉት። የመጨረሻዎቹን ልጆች በአርባ ረድፍ፣ በየረድፉ ሃያ ሃያ፣ በድምሩ ስምንት መቶ አድርገው ተከሏቸው፤ በሽታውንም ረጩባቸው። ቆጣሪዎቹ ሁለቱ ነበሩ። የላይኛውን ሃያ ረድፍ አጉሊ፣ የታችኛውን ሃያ ረድፍ እቴቴ ያዘች። ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ነገር ይጻፋል፤ ቅጠሉ ታሟል አልታመመም፣ ግንዱ ጸጉር አለው የለውም። ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ተክል አንድ ፍሬ ተለቅሞ፣ ዘሩ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁጥሩ በተጻፈበት ፖስታ ተቀመጠ። እርሻው በሽታ እንዳያዛምት ተነቅሎ ተቃጠለ።

በሳምንቱ ዶክተሩ ሁለቱንም ቢሮው ጠራቸው። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱን ደብተሮች ዘርግቷል።

"አንቺ ጋ ከአራት መቶው ጸጉሩና በሽታ መቻሉ የተለያዩት አሥራ ሰባት ተክሎች ናቸው" አላት አጉሊን። "እቴቴ፣ እርስዎ ጋ ሁለት መቶ ሦስት። አንድ እርሻ፣ አንድ ዘር። ግማሹ ጎረቤት ናቸው ይለኛል፣ ግማሹ በጭራሽ አይተዋወቁም ይለኛል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ አልቆጠራችሁም።"

አጉሊ ነገሩ ገና አልገባትም፤ የመደመር ስህተት መስሏት ደብተሩን ለማየት አንገቷን አሰገገች።

"እንዲህ ዓይነት ስህተት አውቃለሁ" ቀጠለ ዶክተሩ። "ሰው ቅጠሉን ያያል፣ ጤነኛ ነው። 'እንግዲህ ጸጉር ይኖረዋል' ይልና ጎንበስ ሳይል ይጽፋል። እንደዚያ ከተጻፈ ምንጊዜም ጎረቤት ሆነው ይወጣሉ።"

"እኔ?" አለች አጉሊ። "እኔ ጎንበስ ሳልል? እቴቴ፣ ንገሪያቸው እንጂ!"

እቴቴ መሬት መሬት ታይ ነበር። ነጠላ ጫማዋን ከወለሉ ጋር አሻሸች። ከዚያ አጉሊ እስክትሞት የማትረሳውን ቃል ተናገረች።

"ምን ላድርግ እንግዲህ። ሰሞኑን ትቸኩል ነበር።"

ሰው ሲመታ ሕመሙ ወዲያው አይሰማውም ይላሉ። አጉሊ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "እቴቴ እንዲህ ካለች ቸኩዬ ይሆናል።" ይህን ያህል ነበር የምታምናት። ከቢሮው ወጥታ የእጅ መታጠቢያው ጋ ቆማ እነዚያን አራት መቶ ግንዶች አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከረች፤ ወገቧን ያሳመማትን ያንን ጎንበስ ማለት ሁሉ። አልቸኮለችም። ያን ጊዜ ነው የተሰማት።

ከቆጠራ ተነስታ ወደ ዘር ማጠቢያው ክፍል ተዛወረች። ዶክተሩ የዓመቱን ሪፖርት ሊጽፍ ሦስት ወር ቀርቶታል፤ ሪፖርቱ ውስጥ የላይኛው ሃያ ረድፍ "በቆጣሪዋ ቸልተኝነት ተሰርዟል" ተብሎ ይጻፋል፣ እሷም ትሰናበታለች። ይህን በቀጥታ ነገራት፤ ጨዋ ስለሆነ ነው መሰለኝ በቀጥታ የነገራት። ባሏ ሲሰማ መዶሻውን አስቀመጠ።

"እቴቴን ላናግራት?"

"ተው። ተሳስታ ይሆናል።"

"ሰው ሲሳሳት 'አላውቅም' ነው የሚለው፤ 'ትቸኩል ነበር' አይልም" አለ ጎሚስታው፤ ስለ ጎማ ካልሆነ ብዙ የማይናገር ሰው ነው።

ዘር ማጠቢያ ክፍል የሠራ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። የቲማቲም ዘር ከነልፋጩ ውኃ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጦ ይቦካል፤ ልፋጩ ሲለቅ ይታጠባል፤ ወንፊት ላይ ይዘረጋና ይደርቃል። እጅ ይሸታል፣ ልብስ ይሸታል፣ እንጀራ ፈላጊ ሆኖ ነው እንጂ ማንም ወዶ አይገባበትም። አጉሊ በዚያ ክፍል ሁለት ሳምንት ሠራች። እቴቴ በመስኮት ስታልፍ እጇን ታውለበልባለች፣ ልጅቷን ሰላም በይልኝ ትላለች። አጉሊም እሺ ትላለች። ምን ትበል?

በአሥራ አምስተኛው ቀን የዚያን ቆጠራ ፖስታዎች በተራ እንድትደረድር ታዘዘች። አንድ፣ ሁለት እያለች አርባኛው ረድፍ ላይ ደረሰች። ከሰባተኛው ፖስታ ጀምሮ እጇ ዘገየ። አርባኛው ረድፍ። እነዚያ ተክሎች መች ይቆጠሩ ነበር?

የተከላው ቀን ትዝ አላት። አርባኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ አሥራ አራት ችግኝ ጎደለ፤ መደቡ ላይ በስብሶ ነበር። ቦታው ባዶ ከቀረ ጎረቤቶቹ ተክሎች ፀሐይና ውኃ ተሻምተው ከመጠን በላይ ስለሚያድጉ፣ እንዲህ ሲሆን ሌላ ችግኝ ይገባበታል። ሙሌት ይሉታል። ቦታ ለመያዝ ብቻ ነው፤ አይቆጠርም። እሷ በእጇ የተረፉትን የለስላሳዋን እናት ችግኞች አምጥታ ከሰባት እስከ ሃያ ተከለች። የሙሌት ችካል ቁጥር የለውም፤ የዚያን ቀን ግን ባለቁጥሩ ችካል አስቀድሞ ተመቷል፣ ዝናቡም መጣ። በተከላው ወረቀት ላይ ጻፈችና ችካሉን ነገ እነቅለዋለሁ ብላ ረሳችው። ጥፋቷ ይሄ ነበር፤ የእሷ ነው፣ አትክደውም።

ወደ መዝገብ ክፍሉ ሮጣ የተከላውን ወረቀት አወጣች። በእርሳስ፣ በራሷ እጅ፤ "አርባኛው ረድፍ፣ ከ7 እስከ 20 ሙሌት።" ከጎኑ የእቴቴ ደብተር ነበር። ገለጠችው።

አሥራ አራቱም ተክሎች ታመዋል ይላል። ትክክል ነው፤ ለስላሳዋ እናት ትታመማለች፤ የቅጠሉ ነጠብጣብ ደግሞ የአዝራር ያህል ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። የጸጉሩ አምድ ግን፤ አለው፣ የለውም፣ አለው፣ የለውም፣ አለው፣ የለውም። ሰባት አለው፣ ሰባት የለውም። ጸጉር ሊኖራቸው በማይችል አሥራ አራት መላጣ ግንዶች ላይ!

አጉሊ ወደ ኋላ ገለጠች። ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ስምንት፣ ሁሉም እንዲሁ። ግማሽ ለግማሽ እንዲሆን ተጠንቅቃ የጻፈችው ነው። ጸጉር በግምት ከተጻፈ ደግሞ ከምንም ጋር አይዛመድም፤ ከበሽታው ጋር የማይተዋወቅ ሆኖ ይወጣል። ሁለት መቶ ሦስቱ የመጣው ከዚህ ነው። ቁጭ አለች። ቀስ በቀስ ሌሎች ነገሮች መጡላት፤ እቴቴ ዓመቱን ሙሉ መርፌ ውስጥ ክር አስገቢልኝ ስትላት መክረሟ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን "አንብቢልኝ፣ መነጽሬን ረስቼ" ማለቷ። እቴቴ መነጽር ኖሯት አያውቅም።

ይህን ይዛ ወደ ዶክተሩ መሄድ ነበረባት። ማንኛችንም ብንሆን እንሄድ ነበር። እሷ ግን የሄደችው እቴቴ ቤት ነው፤ ያውም እያዘነችላት።

እቴቴ የምትኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ፕላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ጨርቅ የተሸፈነ የስፌት መኪና። አጉሊ ወንበሩን ሳትስብ ቆማ ነገረቻት፤ ሙሌቱን፣ አሥራ አራቱን፣ ሁሉንም። እቴቴ ለመካድ አልሞከረችም። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ዓይኔ ከድቶኛል" አለች። "ዓመት አልፎታል። ቅጠል አያለሁ፣ ፊትሽን አያለሁ። ጸጉር አላይም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ያንቺንም ሃያ ረድፍ እኔ እቆጥርልሽ ነበር እኮ! ማን ያውቅብን ነበር?"

"አንቺ ታውቂው ነበራ።"

"እሺ እሱስ ይሁን። ዶክተሩ ፊት እኔ ስወቀስ?"

እቴቴ ቀና ብላ አየቻት። "አንቺ ትችይዋለሽ ብዬ ነው። አንቺ ባል አለሽ፣ ልጅ አለሽ፣ ብትባረሪም ቤት አለሽ። እኔ ከዚያ እርሻ ሌላ ምን አለኝ? ደግሞ አንቺ በእኔ ላይ እንደማትናገሪ አውቃለሁ።"

አጉሊን ከሁሉ በላይ የቆረጣት ይህ የመጨረሻው ነበር። ደግነቷን እንደ ምርኩዝ ተደግፋበት ነው የገፈተረቻት። ቢሆንም ሃያ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም፤ እንባዋ መጣ፣ እቴቴም አለቀሰች፣ ተቃቀፉ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጣቢያው በር ላይ ተገናኝተው አብረው እንዲገቡ፣ እቴቴ በራሷ አፍ እንድትናገር ተስማሙ። አጉሊም ለዶክተሩ "ዓይኗ ነው፣ ተንኮል አይደለም፤ ዘር ማጠቢያው ጋ ይመድቧት፣ እኔ አግዛታለሁ" ልትል ቃል ገባች። ቤቷ ስትመለስ ለባሏ ተርካለት "አየህ? አልኩህ እኮ!" አለችው።

ሰኞ አጉሊ ሩብ ሰዓት ቀድማ ደረሰች። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ተኩል ሆነ። ዘበኛው "እቴቴን ነው የምትጠብቂው? እሷ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ውስጥ ነች" አላት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ዶክተሩ በሩን ከፍቶ ጠበቃት። ፊቱ ተለውጧል።

"ቅዳሜ እቴቴ ቤት ሄደሽ ነበር?"

"አዎ፣ ሄጃለሁ።"

"ቁጥራቸውን እንዲቀይሩልሽ አስጨነቅሻቸው አሉ። 'ከአንቺ ጋር አንድ እንዲሆን' ብለሽ። እንዳለቀሱ ነገሩኝ።"

የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይላሉ፤ የአጉሊ ልብ በእርግጥ ደረቀ። እቴቴ ከዶክተሩ ወንበር ጎን ቆማ መስኮቱን ታያለች። ቅዳሜ ሲተቃቀፉ የለበሰችውን ያንኑ ሹራብ ነው የለበሰችው። አጉሊ በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ ተናዳ አታውቅም፤ ግን ጮክ ብላ አልተናገረችም። ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ስለ ሙሌቱ ተናገረች፤ ችካሉን አለመንቀሏንም ተናገረች።

ዶክተሩ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ያዘው። "በእርሳስ ነው። እጁም ያንቺ ነው። ትናንት አለመጻፍሽን በምን አውቃለሁ?"

"እኔን አይመኑኝ" አለች አጉሊ። "እሷንም አይመኗት። ፖስታዎቹ አሉ፣ ፍሬውን ራሷ እቴቴ ናት የለቀመችው፤ ቁጥሩም በእሷ እጅ ነው የተጻፈው። ከአሥራ አራቱም ይዝሩ። ሙሌት ካልሆኑ፣ ጸጉር አላቸው ካለቻቸው ከሰባቱ ተክሎች ጸጉራም ልጅ ይወለዳል። ሙሌት ከሆኑ ግን እናታቸው ጥርት ያለች ለስላሳ ስለሆነች አንድም ጸጉራም አይወጣም። ቲማቲም አያዳላም።"

ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳ።

ሃያ ሁለት ቀን ፈጀ። ዶክተሩ ከአሥራ አራቱ ፖስታዎች አምስት አምስት ዘር በአሥራ አራት ማሰሮ ዘራ፤ ጸጉራም መሆናቸው የታወቁ ስድስት ማሰሮዎችም ቀላቀለ፤ የትኛው የት እንደሆነ ከእሱ በቀር የሚያውቅ እንዳይኖር በአዲስ ቁጥር ቀየራቸውና ማሰሮዎቹ ያሉበትን የፕላስቲክ ቤት ቁልፍ ኪሱ ከተተ። በእነዚያ ቀናት አጉሊ ዘር አጠበች፣ ሸተተች፣ ቤት ገባች። ልጇ "እማዬ፣ እቴቴ ለምን አትመጣም?" ስትላት "ሥራ በዝቶባት ነው" አለቻት። ለልጅቷ እውነቱን መናገር እቴቴን ለሁለተኛ ጊዜ ማጣት መሰላት። ባሏ ግን አላስቻለውም፤ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አላት፤ እሷም "እኔ ግን እየጨለመብኝ ነው" አለችው። ክህደት ክፉ ነገሩ ይሄ ነው፤ ወደ ኋላም ይሄዳል። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ምሳ፣ ያ ሳቅ፣ የቱ እውነት እንደነበረ አታውቅም።

ጸጉር አለው የለውም ተብሎ የሚነበብበት ቀን ዶክተሩ ሁለቱንም ወደ ፕላስቲክ ቤቱ ይዞ ገባ። ውስጡ ሙቀት ነው፤ እርጥበት ፊት ላይ ይለጠፋል። ሃያው ማሰሮዎች አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል።

"እቴቴ፣ እርስዎ ያንብቡ" አለ። "ችግኙ ገና ነው፣ በእጅ አይነካም። አንቺ ደግሞ የሚሉትን ጻፊ፣ ሌላ ምንም አትበይ። በኋላ ተራሽ ይደርሳል።" ወረቀትና እርሳስ ሰጣትና እሱ ከጠረጴዛው ማዶ ጫፍ ሄዶ ቆመ።

አጉሊ አንድ እርምጃ ርቃ ቆማ ሃያውንም አየቻቸው። ስድስቱ ግንዳቸው ላይ ነጭ ጸጉር ቆሟል። አሥራ አራቱ እንደ እንቁላል ለስላሳ ናቸው። ተፈረደ፤ ማንም ምንም ሳይናገር ነገሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አልቋል። የሚደሰት ልብ ግን አጣች።

እቴቴ የመጀመሪያው ማሰሮ ላይ ጎንበስ አለች። አፍንጫዋ ችግኙን ሊነካ ደረሰ። ራቅ አለች፣ ቀረበች፣ አንገቷን አዘመመች። ጀርባዋ ለዶክተሩ ነው። ከንፈሯን ሳታላቅቅ፣ ለአጉሊ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

"አለው?" አለች።

አጉሊ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተከለች።

"በናትሽ። ጭንቅላትሽን ነቅንቂልኝ ብቻ። የለውም እንድል ነው? ምን ልበል?"

አንድ ቃል ነበር። "የለውም" ብትላት እቴቴ የምታይ መስላ ዛሬን ታልፋለች፤ ሙሌቱ በስህተት ተቆጠረ ይባላል፣ ዓይኗ አይጋለጥም። አጉሊ ቃሉ አፏ ላይ ደረሰ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ አፍ ነው። ከዚያ ያ ቢሮ ታያት፤ ሰሞኑን ትቸኩል ነበር። በሩ ላይ የቆመችበት ያ ግማሽ ሰዓት ታያት። አፏን ገጠመች።

"አንብቢ" አለቻት። "ቁጥር አንድ።"

እቴቴ ጠበቀች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ዶክተሩ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "አለው" አለች።

መላጣ ነበር። አጉሊ "አለው" ብላ ጻፈች።

"ቁጥር ሁለት።"

"የለውም።"

ጸጉራም ነበር። ጻፈች። ቁጥር ሦስት፣ አለው። ጻፈች። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ዶክተሩ ከማዶ መጣ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ አየ፣ ማሰሮዎቹን አየ፣ እቴቴን አየ። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ቀላ።

"ይበቃል እቴቴ" አላት፣ በለሰለሰ ድምፅ። አጉሊንም "ከነገ ጀምሮ ወደ ቆጠራሽ ተመለሺ። አሥራ ሰባቱ ሪፖርቱ ውስጥ ይገባል" አላት። ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተና ረስቶት ይሁን አፍሮ፣ ማሰሮዎቹን መቁጠር ጀመረ።

ሁለቱ ሴቶች አብረው ወጡ፤ መውጫው አንድ ስለሆነ ነው። ደጅ ፀሐዩ ከባድ ነበር። እቴቴ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ፣ በዚያ ቅጠልና ፊት ብቻ በሚለይ ዓይኗ ፈለገቻት።

"ዝም አልሽኝ" አለች።

"ካንቺ ነው የተማርኩት" አለች አጉሊ፣ እናም በመደቦቹ መካከል ሄደች።

ስሟ ተመልሷል። ሥራዋ ተመልሷል። ካርታው ላይ ጸጉሩና በሽታ መቻሉ ጎን ለጎን ሊሰፍሩ ነው፤ በእሷ ቆጠራ። በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኗ ይህን የመሰለ ቀን አልነበራትም፤ እግሯም ሳታዝዘው ሊሮጥ ቃጣው፤ የምሥራቹን ልትናገር። መደቡ መካከል ቆመች። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ሁልጊዜ ቀድማ ሮጣ የምትነግራት እቴቴን ነበር።